«10 በመቶ» ከስንቱ? በኦንላይን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ የድምፅ ሰጪ ቁጥር እንዴት ይነበባል

እ.ኤ.አ. በ2021 ዊኪፔዲያን በሚያስተናግደው ድርጅት፣ በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ የቦርድ ምርጫ ከ6,800 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። አብዛኞቹ ዊኪፔዲያንና እህት ፕሮጀክቶቹን ያለ ክፍያ የሚጽፉ፣ የሚያርሙና ፎቶ የሚጭኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቁጥሩ ብዙ ነው ትንሽ? በወቅቱ ድምፅ የመስጠት መብት ከነበራቸው አንጻር 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። አካውንት ከከፈተው ሰው ሁሉ አንጻር ከታየ ግን፣ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ አካውንት ስላለው፣ ከአሥር ሺህ ሰው ሁለት እንኳን አይሞላም። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። የተለያየው ታህቱ ነው፤ በክፍልፋይ ከመስመሩ በታች የሚቀመጠው ቁጥር።

በኢንተርኔት ተገናኝተው በነፃ በሚያገለግሉ ሰዎች መካከል የሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ውሳኔው ያልተመቸው «ይህ እኮ የጥቂት ሰዎች ውሳኔ ነው» ይላል። የተመቸው ደግሞ «ማን ከልክሎት ነው የቀረው?» ብሎ ይመልሳል። ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ይህን ክርክር መፍታት አይቻልም። አስቀድሞ ሊወሰኑ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፦ ማን ይቆጠራል፣ ጥሪው ለማን ደረሰ፣ አንድ ሰው ቢቀር መቅረቱ ማንን ይጠቅማል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ጉዳቱም የከፋ ነው።

መዝገቡ

የአካውንት ብዛት ለታህትነት አይሆንም። አማርኛ ዊኪፔዲያን እንውሰድ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አካውንት አለው። ነገር ግን የዊኪሚዲያ መግቢያ ለሁሉም ፕሮጀክት አንድ ስለሆነ፣ በፖርቱጋልኛው የገባ ሰው የአማርኛውን አንድ ገጽ ከፍቶ ካየ እዚህም አካውንት በራሱ ይከፈትለታል። ፊደላችንን የማያውቅ ብራዚላዊ ሳይቀር ከ«አባላቱ» ይቆጠራል ማለት ነው። በየወሩ በእርግጥ የሚጽፉትና የሚያርሙት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። የቴሌግራም ግሩፕም ከዚህ አይለይም። ግሩፑ 240 አባል አለው ይላል፤ ውስጡ ግን ስልክ ቀይሮ የድሮ አካውንቱን የተወ፣ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመት ያልከፈተ፣ በሁለት ቁጥር የገባና ቦትም አለበት።

ስለዚህ ጠንቀቅ ያሉ ማኅበረሰቦች መዝገባቸውን በሥራ ይለካሉ። በ2021ዱ የዊኪሚዲያ ምርጫ አንድ ጸሐፊ ለመምረጥ ቢያንስ 300 ማስተካከያ ማድረግ፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ ቢያንስ 20 መጨመር ነበረበት። የመጀመሪያው ቁጥር አዲስ የተፈለፈሉ የሐሰት አካውንቶችን ያግዳል፤ ሁለተኛው ከዓመታት በፊት የሄዱትን ከታህቱ ያወጣል። ዴቢያን የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚገነቡት በጎ ፈቃደኞች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። በይፋ ተፈትነው የገቡ 1,000 ያህል አባላት አሏቸው፤ እያንዳንዱ ድምፁን የሚልከው በራሱ ዲጂታል ቁልፍ ፈርሞ ነው። በዚያ መዝገብ ማን እንዳለና እንደሌለ የሚያከራክር ነገር የለም።

ለትንሽ ማኅበረሰብ የምንመክረው ቀለል ያለ ነው። በስድስት ወር ውስጥ አንድ የሚታይ ሥራ የሠራ ሁሉ ይግባ፤ ትርጉም፣ እርማት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ለአዲስ ገቢ የተሰጠ እገዛ፣ ሁሉም ይቆጠር። አንድ ነገር ግን አይዘለል፦ መዝገቡ የሚዘጋበት ቀን ድምፁ ከሚታወጅበት ቀን ቀድሞ መዋል አለበት። ማስታወቂያው ሰኞ ወጥቶ መዝገቡ ዓርብ የሚዘጋ ከሆነ፣ በአራት ቀን ውስጥ ጓደኞቹን አስመዝግቦ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እሱን በኋላ መክሰስ ደግሞ ያስቸግራል፤ ደንቡን አልጣሰማ።

የት ላይ ፈሰሰ?

አንድ መቶኛ ብቻ ይዞ መነጋገር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። ያንን የ240 ሰው ግሩፕ ለምሳሌ ያህል እንከተለው። መዝገቡ ሲጠራ 90 ንቁ አባላት ተገኙ። ከ90ው ጥሪውን ያዩት 61 ናቸው። ድምፅ የሰጡት 38። ከ240ው ሲሰላ 16 በመቶ፣ ከ90ው ሲሰላ 42 በመቶ ነው። ዋናው ነገር ግን በመሐል ያለው ነው። 29 ሰዎች ጥሪው ጨርሶ አልደረሳቸውም፤ 23ቱ አይተው አልመረጡም። እነዚህ ሁለት ቡድኖች መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ላልደረሳቸው በግል መልእክት መላክ ይጠቅማል። አይተው ለቀሩት ግን አሥር ማስታወሻ ቢላክ መሰላቸትን ብቻ ይጨምራል፤ ጥያቄው አልገባቸው ይሆናል፣ ምርጫው በዝቶባቸው ይሆናል፣ ወይም ጉዳዩ በእርግጥ አይነካቸው ይሆናል።

እድር ይህን ችግር በጥሩንባ ፈትቶት ነበር። ጥሩንባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ካሰማ በኋላ «አልሰማሁም» የሚል ብዙ አይኖርም፤ የቀረም በደንቡ ይቀጣል። በኦንላይን በነፃ የሚያገለግልን ሰው መቅጣት አይቻልም፤ ቢቀጡት ትቶ ይሄዳል። ቀሪው መሣሪያ ጥሩንባው ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሪ የማድረስ ሥራ ስም ተጠቅሶ ለአንድ ሰው ይሰጥ። ግሩፑ ላይ ተለጥፎ በሁለት ሰዓት ውስጥ በሠርግ ፎቶና በ«መልካም ልደት» ወደ ላይ የተገፋ መልእክት ጥሪ ደረሰ አያሰኝም።

ጥሪው ሦስት ጊዜ ይሂድ፦ ድምፁ ሲከፈት፣ በመሐል፣ ሊዘጋ 48 ሰዓት ሲቀረው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላልመረጡት ብቻ ቢላክ ይሻላል። ይህን ለማድረግ ማን እንደመረጠ እንጂ ምን እንደመረጠ ማወቅ አያስፈልግም። ዊኪሚዲያ የሚጠቀምበት ሴኪዩርፖል የተባለው የድምፅ መስጫ የመረጡትን ሰዎች ስም ዝርዝር ያሳያል፤ የድምፁን ይዘት ይደብቃል። የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት ይያዝ፣ ሁለተኛው ምን እንደሚወሰን ይናገር፣ ሦስተኛው ሊንኩ ይሁን። ሰላምታውና ታሪኩ ከዚያ ይከተላል።

ከዚያ ደግሞ ማን እንደቀረ ይታይ። የእኛዎቹ 90 አባላት 30 በሰሜን አሜሪካ፣ 30 በኢትዮጵያ፣ 30 በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይኖራሉ እንበል። ድምፁ 22፣ 12 እና 4 ሆኖ ተገኘ። የቀረበው ጥያቄ የወር ስብሰባው ቅዳሜ በዋሽንግተን ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን ወይ የሚል ከሆነ፣ ያ ሰዓት በበጋቸው በአዲስ አበባና በሪያድ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በዱባይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። 42 በመቶ ጥሩ ተሳትፎ ይመስላል፤ ውሳኔው ግን ሰዓቱ ከሚመቻቸው ሰዎች መጥቶ የማይመቻቸው ላይ የሚወድቅ ነው። ድምፅ የሰጡት ሰዎች በዕጣ የተመረጡ ናሙና አይደሉም፤ ራሳቸው የመጡ ናቸው። ስለዚህ የጠቅላላው መቶኛ ከፍ ማለት የቡድኖቹን መራራቅ አይሸፍነው።

የቀረ ሰው የሚያሸንፍበት ደንብ

አሁን ወደ ምልዓተ ጉባኤ እንምጣ። ብዙ መተዳደሪያ ደንብ ላይ «ከአባላቱ ይህን ያህል ካልተገኙ ውሳኔው አይጸናም» የሚል አንቀጽ አለ። ቀና ሐሳብ ነው፤ ጥቂቶች በጓሮ ተሰብስበው በሁሉም ላይ እንዳይወስኑ። አካሄዱን በቁጥር ስናየው ግን አደገኛ ጉድጓድ አለበት።

100 አባላት፣ 40 ምልዓተ ጉባኤ። አንድ ሐሳብ 30 ደጋፊና 15 ተቃዋሚ አለው። ተቃዋሚዎቹ በቅንነት መጥተው «አይ» ቢሉ ተሳታፊው 45 ይሆናል፣ ምልዓተ ጉባኤው ይሞላል፣ ሐሳቡ 30 ለ15 ያልፋል። ቤታቸው ቢቀሩ ግን ተሳታፊው 30 ብቻ ነው፣ ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ፣ ሐሳቡ ወደቀ። መጥቶ የተቃወመው ሰው ተሸነፈ፤ ያኮረፈው አሸነፈ። እንዲህ ያለ ደንብ ለተሳትፎ የተጻፈ መስሎ መቅረትን ይሸልማል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። የጣሊያን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 75 ሕግ ለመሻር በሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ አብላጫው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰው ሠራሽ የፅንስ ሕክምናን የሚገድበው ሕግ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ሕጉን የሚደግፉት ወገኖች ሰው ቤቱ እንዲቀር ቀሰቀሱ። የወጣው ሩብ ገደማ ብቻ ነበር። ድምፅ ከሰጡት አብዛኞቹ ሕጉ እንዲሻር ቢፈልጉም ውጤቱ ዋጋ አጣ።

በኦንላይን ማኅበረሰብ ይህ የበለጠ ይቀላል፤ መቅረት ምንም አያስከፍልም፣ ማን ሆን ብሎ እንደቀረና ማን እንዳልሰማም አይለይም።

መውጫው የተገኘውን ሁሉ መቁጠር ትቶ የደገፈውን ብቻ መቁጠር ነው። የድጋፍ ወለል እንበለው። ከላይ ባለው ምሳሌ ደንቡ «ቢያንስ 25 ድጋፍ፣ ከተቃውሞም የበለጠ» ቢል፣ 30ው ደጋፊዎች ወለሉን ያልፋሉ፤ 15ቱ መጡም ቀሩም ወለሉ አይነቃነቅም። ለተቃዋሚው የሚያዋጣው መጥቶ መቃወምና ሌሎችን ማሳመን ብቻ ይሆናል።

ዴቢያን ይህን በመተዳደሪያው አስፍሮታል። ለውሳኔ የሚቀርብ እያንዳንዱ አማራጭ «ከእነዚህ አንዱም አይሁን» ከሚለው መደበኛ አማራጭ ጋር ይፎካከራል፤ አባላቱም አማራጮቹን በደረጃ ይደረድራሉ። አንድ አማራጭ በውድድሩ የሚቆየው በቂ ሰዎች ከ«አንዱም አይሁን» በላይ ሲያስቀምጡት ነው። በቂ ማለት ስንት ነው? የአባላቱ ቁጥር ስኩዌር ሩት በ1.5 ሲባዛ የሚገኘው። ለ1,000 አባላት ስኩዌር ሩቱ 31.6 ነው፤ በ1.5 ሲባዛ 47.4፤ ስለዚህ 48 ሰው ያስፈልጋል። ለ100 አባላት 15፣ ለ400 አባላት 30፣ ለ10,000 አባላት 150 ይሆናል። የቀመሩ ጥቅም ግልጽ ነው፦ ማኅበረሰቡ ሲያድግ ወለሉ አብሮ ያድጋል፣ ግን በዝግታ። የተወሰነ መቶኛ፣ ለምሳሌ 15 በመቶ፣ ለ100 ሰው የሚሠራ ቢሆንም ለ10,000 ሰው 1,500 ደጋፊ ይጠይቃል፤ ያን ያህል በጎ ፈቃደኛ ለአንድ የደንብ ማሻሻያ አይወጣም፤ ማኅበረሰቡም ምንም መወሰን አቅቶት ይቀመጣል።

ወለሉ በምን ይለካ?

ሁሉንም ጉዳይ በአንድ ወለል መመዘን ሌላው ስሕተት ነው። የኛ እምነት ወለሉ የሚለካው ውሳኔውን ለመመለስ በሚከብደው ልክ ነው።

በኦፕንስትሪትማፕ፣ የዓለምን ካርታ በበጎ ፈቃድ በሚሥሉት ዘንድ፣ አንድ ዓይነት ቦታ በምን መለያ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ውይይት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ድምፅ አለው። ለማለፍ ቢያንስ 8 ድጋፍና 75 በመቶ ይበቃዋል። ሚሊዮኖች አካውንት ባሉበት ቦታ 8 ሰው? አዎ፤ ምክንያቱም ማንም ያንን መለያ እንዲጠቀም አይገደድም፣ ነገ ሌላ የተሻለ ሐሳብ ሊተካው ይችላል። የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ፕሮጀክቶች ደግሞ ለትንንሽ ጉዳይ ድምፅ ጭራሽ አይጠሩም። «ይህን ላደርግ ነው» ተብሎ ይጻፋል፣ ቢያንስ 72 ሰዓት ይጠበቃል፣ ተቃውሞ ካልመጣ ይሠራል። 72 ሰዓት የሆነው ቅዳሜና እሑድ ያረፈም፣ በሌላው የምድር ጫፍ የተኛም እንዲደርስበት ነው። በዓመት አርባ ጊዜ ድምፅ የሚጠራ ግሩፕ በአርባ አንደኛው ጊዜ ዋናው ጉዳይ ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም። ድምፅ ለሚገባው ጉዳይ ይቆጠብ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የዊኪፔዲያ ቼክዩዘር አለ፤ የተጠቃሚዎችን የኢንተርኔት አድራሻ አይቶ አንድ ሰው በብዙ አካውንት እያጭበረበረ እንደሆነ የሚያጣራ። የሰው ምስጢር ስለሚያይ፣ በማኅበረሰቡ የሚመረጥ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ሰው ድጋፍና ከ70 እስከ 80 በመቶ አብላጫ ይጠየቃል። አማርኛ ዊኪፔዲያን የመሰለ ትንሽ ማኅበረሰብ ያን ያህል ድምፅ ማሰባሰብ ስለሚከብደው ሥራውን ለሁሉም ቋንቋ የተመረጡት ስቲዋርዶች ይሠሩለታል። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ግን በሌላ መንገድ ይታያል። በትንንሾቹ ዊኪዎች ጥያቄው ለአንድ ሳምንት ያህል ክፍት ይሆናል፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ደግፈው ከሆነ ስቲዋርዶቹ ሥልጣኑን ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት ይሰጣሉ፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ይጠየቃል። ድምፁ ሲያንስ ዘመኑ ያጥራል። ለትናንሽ ማኅበሮች ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየንም፤ ሥራው አይቆምም፣ ጥቂቶች የሰጡት ሥልጣንም ለዘላለም አይቆይም።

ሰዓቱና ቀን መቁጠሪያው

«ድምፁ መስከረም 10 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይዘጋል።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል። መስከረም 10 በኛ ነው ወይስ ሴፕቴምበር 10? ስድስት ሰዓት በኛ እኩለ ሌሊት ነው ወይስ በውጭ አቆጣጠር ማለዳ? የማን ከተማ ሰዓት ነው? በዚህ ላይ ሌሊቱ የሚቆጠረው ካለፈው ቀን ጋር ነው ወይስ ከሚመጣው? እንዲህ ይጻፍ፦ «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ካሉ በኋላ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን መጨመር፣ ከዚያ የዋሽንግተንን፣ የሪያድን፣ የቴል አቪቭን ሰዓት በየራሱ መስመር ማስቀመጥ። ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት እሑድ እኩለ ሌሊት የሚዘጋ ድምፅ በዋሽንግተን በበጋቸው ገና እሑድ ማታ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው «8 ሰዓት» ሲል ግን በኛ 2 ሰዓት ማለቱ ይሆናል።

የድምፁ ዕድሜ ሁለት ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዴቢያንም ይህን ያህል ይሰጣል። ሁለት ሳምንት ሁለት ቅዳሜ፣ ሁለት ዓርብ፣ ሁለት እሑድ አለው፤ በየትኛውም አገር የሚያርፍ ሰው ቢያንስ አንድ ነፃ ቀን ያገኛል። ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በዚያ መሐል የተከፈተና የተዘጋ ድምፅ አገር ቤት ያሉትን ሁሉ ያስቀራል። «ከመዝገቡ አንድ አምስተኛው የሚኖርበት አካባቢ ከ48 ሰዓት በላይ ግንኙነት ካጣ፣ ግንኙነቱ ከተመለሰ በኋላ ሰባት ቀን ይጨመራል» የሚል አንቀጽ አስቀድሞ ይግባ። ችግሩ ከመጣ በኋላ ከተጻፈ ለአንድ ወገን ተብሎ የተራዘመ ይመስላል።

ድምፅ መስጫው

የቴሌግራም ፖል ለምሳ ሰዓት ምርጫ ይበቃል። ለማኅበር ውሳኔ ግን ሁለት ጉድለት አለው፦ ስም የሚደብቀው ዓይነት ከመዝገቡ ጋር ሊመሳከር አይችልም፣ ወደ ሌላ ግሩፕ ሲላክም እዚያ ያለው ሰው የሚሰጠው ድምፅ እዚሁ ይደመራል። ጉግል ፎርም በአንድ አካውንት አንድ መልስ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል፤ ሦስት ኢሜይል ያለው ሰው ግን ሦስቴ ይመርጣል።

ለ90 ሰው የሚሆነው እንዲህ ነው። 90 የተለያዩ የምስጢር ቁጥሮች ይዘጋጃሉ፤ እያንዳንዱ ለአንድ አባል በግል ይላካል። መራጩ ፎርሙ ላይ ቁጥሩን ጽፎ ይመርጣል። የቁጥርና የስም ዝርዝሩን አንድ ሰው፣ መልሶቹን ሌላ ሰው ይይዛል፤ ሁለቱን አንድ ሰው ከያዘ ምስጢርነቱ አበቃ። ማስታወሻ ሲላክ መልስ የያዘው ሰው ያልተጠቀሙ ቁጥሮችን ብቻ ለሌላው ይነግረዋል። በአንድ ቁጥር ሁለት ድምፅ ከመጣ የመጨረሻው ይቆጠራል፤ ሐሳቡን የቀየረ ሰው መመለስ ይችላል። ሴኪዩርፖልም ዴቢያንም እንዲህ ያደርጋሉ። ሲያልቅ መጀመሪያ የቁጥርና የስም ዝርዝሩ ይጥፋ፤ ከዚያ ቁጥሮቹና መልሶቹ ያለ ስም ይለጠፉ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ፈልጎ ድምፁ በትክክል መግባቱን ያያል።

ምስጢርነት በተለይ ሰው በሰው ላይ ድምፅ ሲሰጥ ዋጋ አለው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አስተዳዳሪዎቹን ለዓመታት የመረጠው ስም በሚታይበት ክርክር ነው፤ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ምስጢራዊ ምርጫ ሞከረና በአንድ ዙር 32 ዕጩዎች ቀርበው 11 አለፉ። ከዚያ በፊት የተለመደው አንድ ሁለት ሰው በየጊዜው መቅረቡ ነበር። በጥሩ ሁኔታ የሚያውቁትን ሰው በአደባባይ «አይሆንም» ማለት የሚከብደው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው መቅረትን ይመርጣል።

ውጤት ሲለጠፍ አምስት ቁጥሮች አብረው ይውጡ፦ የመዝገቡ ብዛት፣ ጥሪው የደረሳቸው፣ ድምፅ የሰጡ፣ ለእያንዳንዱ አማራጭ የተሰጠው ድምፅ፣ ድምፀ ተዓቅቦ። ወለሉ ካልሞላ፣ በብዙ እድሮች እንደተለመደው ሁለተኛ ጥሪ ይደረግ፤ ከአሥር ቀን በኋላ፣ በዚያው አጀንዳ ብቻ፣ አንድ ቃል ሳይጨመርበት። በሁለተኛው ጥሪ ዝቅ ያለ ወለል መፍቀድ ይቻላል፤ ውሳኔው ግን ለስድስት ወር ብቻ ይጽና። ሁለት ተከታታይ ድምፅ ላይ ላልታየ አባል ደግሞ ጸሐፊው በግል ይጻፍለት፦ «አሁንም ከእኛ ጋር ነዎት? በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሱልን ስምዎን ከመራጮች መዝገብ አውጥተን በቀድሞ አባላት ዝርዝር እናስገባለን፤ በማንኛውም ጊዜ አንድ መልእክት ከላኩ ይመለሳሉ።»